በአንድ ቀለም የሚበሩ ሁለት አብራሪዎች፡- የሰሜን አሜሪካ አየር መንገዶች ያልተቋጨው የማህበራት ውዝግብ

በሰሜን አሜሪካ የአየር ትራንስፖርት ዘርፍ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል የሚነሳ አለመግባባት አዲስ ነገር አይደለም፡፡ ሆኖም ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ጎልቶ የታየውና እስከ አሁን መቋጫ ያላገኘው ውዝግብ ሠራተኛውን ከአሠሪው ጋር ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውን ከሠራተኛው፣ አልፎ ተርፎም የአንድን ማህበር አባል ከሌላው የዚያው ማህበር አባል ጋር ያፋጠጠ ነው፡፡ ይኸውም በዋናዎቹ አየር መንገዶች አብራሪዎችና በእነርሱ ስም አጭር ርቀት በሚበሩት ክልላዊ አየር መንገዶች አብራሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው፡፡

የጉዳዩን ምንነት ለመረዳት የአንድን መንገደኛ ጉዞ መመልከት ይበቃል፡፡ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ መንገደኛ ጉዞው ወደ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ከተማ የሚቀጥል ከሆነ፣ እንደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁሉ የስታር አሊያንስ አባል በሆነው በዩናይትድ አየር መንገድ ትኬት ሊሳፈር ይችላል፡፡ የሚሳፈርበት አነስተኛ ጄት የዩናይትድን ቀለም የተቀባ ነው፤ የበረራ ቁጥሩም የዩናይትድ ነው፡፡ ይሁንና የአውሮፕላኑ አንቀሳቃሽ በትኬቱ ላይ በትንሽ ጽሑፍ ስሙ የተገለጸ ሌላ ኩባንያ ነው፡፡ አብራሪዎቹም የዩናይትድ ተቀጣሪዎች አይደሉም፡፡ የደመወዝ መጠናቸው፣ የጡረታ ዋስትናቸውና የዕድገት ተስፋቸው የሚወሰነው በሌላ የኅብረት ስምምነት ነው፡፡

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ መስመሮቹን የሚሸፍነው በራሱ ኪው 400 አውሮፕላኖችና በራሱ አብራሪዎች በመሆኑ፣ ይህ ዓይነቱ አሠራር ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል፡፡ በአሜሪካ ግን እንግዳ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ በ2009 በአገሪቱ ምክር ቤት በተካሄደ ምርመራ ወቅት እንደተገለጸው፣ ከአገር ውስጥ መደበኛ በረራዎች ግማሽ ያህሉ የሚከናወኑት በእነዚሁ ክልላዊ አየር መንገዶች ነበር፡፡

የአሠራሩ መነሻ እ.ኤ.አ በ1978 በፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የተፈረመውና የአየር መንገዶችን የመስመርና የዋጋ ቁጥጥር ያነሳው ሕግ ነው፡፡ ከሕጉ መውጣት በኋላ ትልልቆቹ አየር መንገዶች በረራቸውን በጥቂት ማዕከላት በማሰባሰብ፣ ከትንንሽ ከተሞች ወደ ማዕከላቱ መንገደኞችን የማመላለሱን ሥራ ለአነስተኛ ኩባንያዎች መስጠት ጀመሩ፡፡ በሂደትም ዋናው አየር መንገድ የጊዜ ሰሌዳውን የሚያወጣበት፣ ትኬቱን የሚሸጥበትና ገቢውን የሚወስድበት፣ ክልላዊው ኩባንያ ደግሞ ለበረራ አገልግሎቱ የተወሰነ ክፍያ ብቻ የሚያገኝበት የውል ዓይነት ተስፋፋ፡፡ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፡፡ የክልላዊው አየር መንገድ አብራሪዎች ደመወዝ እንዲጨመርላቸው ሲጠይቁ በድርድር ጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው አሠሪያቸው የትኬቱን ዋጋም ሆነ የመስመሩን ዕጣ የሚወስን አካል አይደለም፡፡ ወሳኙ አካል በድርድሩ ላይ የለም፡፡

የልዩነቱን ጥልቀት ለመገንዘብ በአብራሪዎች ሙያ ውስጥ የአገልግሎት ቀደምትነት ያለውን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ በአሜሪካና በካናዳ አየር መንገዶች አንድ አብራሪ የሚያበረው የአውሮፕላን ዓይነት፣ የሚመደብበት መስመር፣ ካፒቴን የሚሆንበት ጊዜ፣ የዓመት ፈቃዱ ወቅትና የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ የመሰናበቻ ተራው የሚወሰነው በተቀጠረበት ቀን በተሰጠው የቀደምትነት ቁጥር ነው፡፡ ቁጥሩ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ አይተላለፍም፡፡ በአንድ ክልላዊ አየር መንገድ ለሃያ ዓመታት ያገለገለ ካፒቴን ወደ ዋናው አየር መንገድ ሲዛወር በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይሰፍራል፤ እንደ ማንኛውም አዲስ ተቀጣሪም በረዳት አብራሪነት ይጀምራል፡፡ የሁለት ኩባንያዎች ዝርዝር በሚዋሃድበት ጊዜ ማን ከማን በፊት ይሰለፍ የሚለው ጥያቄ የአንድን ሰው ቀሪ የሥራ ዘመን ገቢ የሚወስን በመሆኑ፣ በሙያው ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያጣላ ጉዳይ የለም ማለት ይቻላል፡፡

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሳው ሁለተኛው ቁልፍ ጉዳይ የሥራ ወሰን አንቀጽ እየተባለ የሚጠራው የኅብረት ስምምነት ክፍል ነው፡፡ የዋና አየር መንገድ አብራሪዎች ከአሠሪያቸው ጋር በሚፈርሙት ስምምነት ውስጥ የሚካተተው ይህ አንቀጽ፣ ኩባንያው ለሌሎች አሳልፎ የሚሰጠው በረራ ምን ያህል እንደሆነና በምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሚከናወን ይገድባል፡፡ በአሁኑ ወቅት በዴልታ፣ በዩናይትድና በአሜሪካን አየር መንገዶች የሚሠራበት ጣሪያ 76 መቀመጫና 86 ሺህ ፓውንድ ወይም 39 ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ የመነሻ ክብደት ነው፡፡ ለዋናው አየር መንገድ አብራሪ አንቀጹ ሥራው በርካሽ ጉልበት እንዳይተካ የሚከላከልለት አጥር ነው፡፡ ለክልላዊው አብራሪ ደግሞ እርሱ ባልተሳተፈበት ድርድር የዕድገቱን ጣሪያ የሚወስን ግድግዳ ነው፡፡ ሁለቱም አባባሎች እውነት መሆናቸው ጉዳዩን ውስብስብ አድርጎታል፡፡

ክልላዊ ኩባንያዎቹ አነስተኛ ባለፕሮፔለር አውሮፕላኖችን ብቻ ያበሩ በነበረበት ዘመን አንቀጹ ያን ያህል አያከራክርም ነበር፡፡ ሁኔታው የተለወጠው እ.ኤ.አ በ1993 ኮምኤር የተባለው ክልላዊ አየር መንገድ ሃምሳ መቀመጫ ያለውን የካናዳውን ቦምባርዲየር ሠራሽ ጄት በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ካዋለ በኋላ ነው፡፡ አዲሱ ጄት ረጅም ርቀት መብረር የሚችል በመሆኑ ቀደም ሲል በዋናው አየር መንገድ አውሮፕላኖች ይሸፈኑ የነበሩ መስመሮችን መተካት ጀመረ፡፡ በዚያን ጊዜ በክልላዊ አየር መንገድ አዲስ የተቀጠረ ረዳት አብራሪ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በታች ሲከፈለው፣ በዋና አየር መንገድ ትልቁን አውሮፕላን የሚያበር ካፒቴን ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ያገኝ ነበር፡፡ ይህ ልዩነት ለኩባንያዎቹ ሥራ አመራሮች የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው፡፡

የመጀመሪያው ትልቅ ግጭት የተከሰተው በአሜሪካን አየር መንገድ ነው፡፡ እ.ኤ.አ የካቲት 15 ቀን 1997 ከ9 ሺህ በላይ የሚሆኑ የኩባንያው አብራሪዎች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፡፡ ዋናው የልዩነት ነጥብ አዲሶቹን አነስተኛ ጄቶች ማን ያብራቸው የሚል ነበር፡፡ የአሜሪካን አብራሪዎች እ.ኤ.አ በ1963 ከትልቁ የአየር መንገድ አብራሪዎች ማህበር ተለይተው በመሠረቱት በራሳቸው ማህበር የሚወከሉ ሲሆን፣ ጄቶቹ የታሰቡላቸው የእህት ኩባንያው የአሜሪካን ኢግል አብራሪዎች ደግሞ የትልቁ ማህበር አባላት ነበሩ፡፡ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ በ1926 የወጣውንና በ1936 አየር መንገዶችንም እንዲያካትት የተደረገውን የባቡር ሠራተኞች ሕግ በመጥቀስ የአስቸኳይ ጊዜ ቦርድ በማቋቋማቸው አድማው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቆመ፡፡

በዚያው ዓመት የተደረሰው መፍትሔ በወቅቱ እንደ ብልህ ስምምነት ተቆጥሮ ነበር፡፡ ጄቶቹ በገደብ በኢግል እንዲቆዩ ተወሰነ፤ በምትኩም ሁለቱ ኩባንያዎችና ሁለቱ ማህበራት በአራትዮሽ በፈረሙት ስምምነት የኢግል አብራሪዎች በተራቸው ወደ አሜሪካን የሚያልፉበት በር ተከፈተ፡፡ በሩ ግን በሁለቱም አቅጣጫ የሚከፈት ነበር፡፡ አሜሪካን ሠራተኞቹን በሚቀንስበት ጊዜ የተቀነሱት አብራሪዎች ወደ ኢግል ወርደው የካፒቴን ወንበር መያዝ ይችሉ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የሆነውም ይኸው ነው፡፡ ለዓመታት ካፒቴን ለመሆን ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩ የኢግል ረዳት አብራሪዎች ከላይ የወረዱ ባልደረቦቻቸው ወንበሩን ሲይዙ ተመለከቱ፡፡ የተቀነሱት የአሜሪካን አብራሪዎችም ቢሆኑ ደመወዛቸው በእጅጉ አሽቆልቁሎ ባልመረጡት ኩባንያ ውስጥ እንደ እንግዳ ሆነው መሥራታቸው የተመቻቸው አይመስልም፡፡ በስምምነቱ አተረጓጎም ላይ የተነሳው ክርክር ለበርካታ ዓመታት በግልግል ዳኞች ፊት ቀጥሏል፡፡

ውዝግቡ በተሟላ መልኩ የታየው ግን በኮምኤር ነው፡፡ መቀመጫውን በሲንሲናቲ አካባቢ ያደረገው ይህ ኩባንያ ትርፋማና በፍጥነት በማደግ ላይ የነበረ ሲሆን፣ ዴልታ አየር መንገድ አትላንቲክ ሳውዝኢስት የተባለውን ሌላ ክልላዊ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1999 ከገዛ በኋላ በ2000 መጀመሪያ ላይ ኮምኤርንም ጠቅልሎ ወሰደ፡፡ የዴልታ አብራሪዎችና የሁለቱ ክልላዊ ኩባንያዎች አብራሪዎች በሙሉ የአንድ ማህበር፣ ማለትም እ.ኤ.አ በ1931 የተመሠረተው የአየር መንገድ አብራሪዎች ማህበር አባላት ነበሩ፡፡ በመሆኑም የክልላዊዎቹ አብራሪዎች ባለቤቱ አንድ፣ ማህበሩም አንድ ከሆነ ዘንድ የቀደምትነት ዝርዝሩም አንድ ይሁን ሲሉ በማህበሩ የውህደት ደንብ መሠረት ጥያቄ አቀረቡ፡፡

ማህበሩ ጥያቄውን አልተቀበለውም፡፡ ኩባንያዎቹ ባለቤታቸው አንድ ቢሆንም በሥራ አልተዋሃዱም የሚል ነበር አመለካከቱ፡፡ በሕግ ዓይን ክርክሩ መሠረት የሌለው አልነበረም፡፡ ይሁንና ጥያቄውን ላቀረቡት አብራሪዎች መልሱ የተሰጠው በደንብ ሳይሆን በክብደት ነው የሚል ስሜት ማሳደሩ የሚጠበቅ ነው፡፡ የማህበሩ መዋጮ ከገቢ በመቶኛ የሚሰላ እንደመሆኑ ከፍተኛውን ገንዘብ የሚያስገቡት ከፍተኛ ደመወዝ የሚያገኙት የዋና አየር መንገድ አባላት ናቸው፡፡

እ.ኤ.አ መጋቢት 26 ቀን 2001 ቁጥራቸው 1 ሺህ 350 ገደማ የሚሆን የኮምኤር አብራሪዎች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፡፡ ጥያቄያቸው የደመወዝ፣ የጡረታና የእረፍት ጊዜ ሲሆን፣ በአጭሩ ጄት የሚያበር አብራሪ እንደ ጄት አብራሪ ይከፈለው የሚል ነበር፡፡ የኩባንያው በረራዎች ሙሉ በሙሉ ቆሙ፡፡ አድማው 89 ቀናት ፈጅቶ በሰኔ ወር ሲያበቃ አብራሪዎቹ የደመወዝ ጭማሪና የጡረታ ዕቅድ ማግኘት ችለዋል፡፡ ሆኖም በዚያው የጸደይ ወቅት የዴልታ አብራሪዎችም ከኩባንያው ጋር አዲስ የኅብረት ስምምነት ሲደራደሩ ነበር፡፡ በዚህ ስምምነት የዴልታ አብራሪዎች በዘመኑ በዘርፉ ከፍተኛ የተባለውን ደመወዝ ከማግኘታቸውም በላይ፣ ኮምኤርን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ሊያበሯቸው በሚችሏቸው ጄቶች ላይ ገደብ አስቀመጡ፡፡ በሌላ አነጋገር አንድ ማህበር በአንድ እጁ የኮምኤርን አባላት አድማ ሲደግፍ፣ በሌላ እጁ የእነዚሁኑ አባላት ሥራ የሚገድብ ሰነድ ላይ ይፈርም ነበር፡፡

በዚህ የተበሳጩ የኮምኤር አብራሪዎች እ.ኤ.አ በ2001 የገዛ ማህበራቸውን በኒውዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፡፡ የክሱ መሠረት የሆነው የሕግ መርህ ታሪክ ራሱን የቻለ ቁም ነገር አለው፡፡ እ.ኤ.አ በ1944 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በነጮች ብቻ የሚመራ የባቡር ሠራተኞች ማህበር ጥቁር የባቡር እሳት አንዳጆችን ከሥራቸው ለማፈናቀል ያደረገውን ስምምነት ሽሮ፣ በሕግ የብቸኛ ተወካይነት ሥልጣን የተሰጠው ማህበር የሚወክላቸውን ሁሉ ያለ አድልዎ የመወከል ግዴታ እንዳለበት ወስኖ ነበር፡፡ ውሳኔው የተሰጠው ያንኑ የባቡር ሠራተኞች ሕግ መነሻ በማድረግ ሲሆን፣ ክልላዊዎቹ አብራሪዎች የጠቀሱት ይህንኑ ግዴታ ነው፡፡ በዘር የተገፋ ሠራተኛንና በጄት መጠን የተገፋ ሠራተኛን ማነጻጸር የተጋነነ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የግዴታው ይዘት ግን አንድ ነው፡፡ ማህበሩ በበኩሉ የእያንዳንዱ አየር መንገድ አብራሪዎች የራሳቸው ምክር ቤት እንዳላቸውና የዴልታ አብራሪዎች የራሳቸውን ሥራ በራሳቸው ስምምነት የማስከበር መብት እንዳላቸው ተከራክሯል፡፡ ክሱ ለዓመታት ከተጓተተ በኋላ በስምምነት ተዘግቷል፡፡ ማህበሩ የሁለት ተቃራኒ ጥቅሞች ጠበቃ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው መሠረታዊ ጥያቄ ግን በፍርድ ሳይመለስ ቀርቷል፡፡

የኮምኤር መጨረሻ ደግሞ ከአድማውም ሆነ ከክሱ በላይ ብዙ ይናገራል፡፡ ዴልታ አትላንቲክ ሳውዝኢስትን እ.ኤ.አ በ2005 ስካይዌስት ለተባለ ኩባንያ በ425 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው፡፡ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ዴልታ ራሱ ለኪሳራ ጥበቃ ሲያመለክት ኮምኤርም አብሮ ገባ፡፡ እ.ኤ.አ በ2012 የዴልታ አብራሪዎች ያጸደቁት ስምምነት ኩባንያው ሃምሳ መቀመጫ ያላቸውን ጄቶች በብዛት እንዲያስወግድ፣ በምትኩ ተጨማሪ ባለ 76 መቀመጫ ጄቶችን በክልላዊ ኩባንያዎች እንዲጠቀምና 88 ቦይንግ 717 አውሮፕላኖችን ወደ ዋናው አየር መንገድ እንዲያስገባ የሚፈቅድ ነበር፡፡ ስምምነቱ ለዴልታ አብራሪዎች ሥራ አስገኘላቸው፡፡ በርካታ አሮጌ የሃምሳ መቀመጫ ጄቶችን ይዞ የነበረው ኮምኤር ግን እ.ኤ.አ መስከረም 29 ቀን 2012 የመጨረሻ በረራውን አድርጎ ተዘጋ፡፡ በአሜሪካ የክልላዊ ጄት ዘመንን የከፈተው ኩባንያ ሕልውና ያከተመው በዚህ ሁኔታ ነው፡፡

ከእነዚህ ሁነቶች መረዳት የሚቻለው በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ግጭት ከቅናት ወይም ከትምክህት የመነጨ አለመሆኑን ነው፡፡ የዋናው አየር መንገድ አብራሪ ያለ አጥር ቢቀር ሥራው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ተጫራች እንደሚሰጥ በተግባር አይቷል፡፡ እ.ኤ.አ በ2002 ዩኤስ ኤርዌይስና ዩናይትድ ለኪሳራ ጥበቃ ካመለከቱ በኋላ በተደረጉት ድርድሮች አብራሪዎች ደመወዛቸውን ብቻ ሳይሆን የሥራ ወሰን አንቀጹንም ደረጃ በደረጃ አሳልፈው ሰጥተዋል፡፡ ጣሪያው ከሃምሳ ወደ ሰባ፣ ቀጥሎም ወደ ሰባ ስድስት መቀመጫ ከፍ ያለው በዚህ መንገድ ነው፡፡ ዩኤስ ኤርዌይስ ውስጥ ደግሞ አንድ ክልላዊ ኩባንያ ተጨማሪ ጄቶችን ለማብረር ከፈለገ በጄቶቹ ላይ ከሚፈጠረው የአብራሪ ሥራ ግማሹን ከዋናው አየር መንገድ ለተቀነሱ አብራሪዎች እንዲሰጥ ተደርጓል፡፡ ለተቀነሱት ሰዎች መጠጊያ መሆኑ አይካድም፡፡ ሆኖም የመጠጊያውን ዋጋ የከፈሉት ኩባንያው ሳይሆን ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ክልላዊ አብራሪዎች ናቸው፡፡

ክልላዊዎቹ አብራሪዎችም እርስ በርስ መፎካከራቸው አልቀረም፡፡ እ.ኤ.አ በ2013 የአሜሪካን አየር መንገድ እህት ኩባንያ የሆነው የፒኤስኤ አብራሪዎች አዳዲስ ጄቶችን ለማግኘት ሲሉ ጥቅማ ጥቅማቸውን የሚቀንስ ስምምነት ተቀበሉ፡፡ በቀጣዩ ዓመት ኢንቮይ በሚል ስም የተተካው የቀድሞው ኢግል አብራሪዎች ተመሳሳይ ሐሳብ ሲቀርብላቸው ውድቅ አደረጉት፡፡ አሠሪው የሰጠው መልስ አውሮፕላኖቹ ወደ ሌላ ኩባንያ ይሄዳሉ የሚል ነበር፡፡ እ.ኤ.አ በ2015 መጀመሪያ ላይ የኢንቮይ አብራሪዎች በብራዚሉ ኤምብራየር የተሠሩ ጄቶችን በሚያስገኝላቸው ስምምነት ተስማሙ፡፡ የሁለቱም ኩባንያዎች አብራሪዎች የአንድ ማህበር አባላት እንደነበሩ ማስታወሱ ተገቢ ነው፡፡

ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻ ሳይሆን የመንገደኛው ጭምር መሆኑ ለሕዝብ ግልጽ የሆነው እ.ኤ.አ የካቲት 12 ቀን 2009 ነው፡፡ በዚያ ዕለት ሌሊት በኮንቲኔንታል ስም የሚበር የኮልጋን ኤር ንብረት የሆነ ኪው 400 አውሮፕላን በቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ ተከስክሶ በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና በምድር ላይ የነበረ አንድ ሰው ሕይወታቸው አልፏል፡፡ ከአደጋው በኋላ በተካሄደው ምርመራ የአብራሪዎቹ ሥልጠናና ድካም ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛ ደመወዛቸውና ከመኖሪያቸው ሩቅ ወደሆነ የሥራ ቦታ የሚያደርጉት ምልልስ ጭምር ለአደባባይ በቅቷል፡፡ ትኬታቸውን ከትልቅ አየር መንገድ የገዙ ቤተሰቦች ወገኖቻቸውን ያሳፈረው ሌላ ኩባንያ መሆኑን የተረዱት ከሐዘኑ በኋላ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ ነሐሴ 2010 የወጣው ሕግ ትኬት ሻጮች የሚበረውን ኩባንያ ስም በግልጽ እንዲያሳዩ ከማስገደዱም በላይ፣ ረዳት አብራሪዎች በጥቅሉ 1 ሺህ 500 የበረራ ሰዓት እንዲኖራቸው የሚያስገድደውን መስፈርት አስከተለ፡፡ መስፈርቱ በ2013 ሥራ ላይ ውሏል፡፡

ይህ ሕግ ከማህበራቱ ውዝግብ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት የሌለው ቢመስልም ከማናቸውም ድርድር በላይ የኃይል ሚዛኑን ለውጧል፡፡ መስፈርቱ በሥራ ገበያው ላይ ያለውን የአብራሪ ቁጥር የሚወስን በመሆኑ የክልላዊ አየር መንገዶች ማህበር የእጥረቱ ምንጭ አድርጎ ሲነቅፈው፣ የአብራሪዎቹ ማህበር የደህንነት ዋስትና ነው በማለት አጥብቆ ተከላክሎለታል፡፡ በዚህ ነጥብ ላይ የዋናውም ሆነ የክልላዊው አየር መንገድ አብራሪዎች አቋም ብዙም አልተለያየም፤ ምክንያቱንም ለመገመት አያዳግትም፡፡ የኮሮና ወረርሽኝ ጋብ ብሎ ዋናዎቹ አየር መንገዶች በገፍ መቅጠር ሲጀምሩ ክልላዊዎቹ አብራሪ አጡ፡፡ እ.ኤ.አ በመስከረም 2022 አሜሪካን አየር መንገድ የክልላዊ አብራሪዎችን እጥረት በምክንያትነት በመጥቀስ ቶሌዶን፣ ኢታካንና አይስሊፕን ከመስመሮቹ ሰርዟል፡፡ ከዚያ ቀደም ብሎ በሰኔ ወር ሦስቱ የአሜሪካን እህት ኩባንያዎች የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ ጊዜያዊ ጭማሪን ጨምሮ በሰዓት ወደ 90 ዶላር ከፍ አድርገዋል፡፡ ለኮምኤር አብራሪዎች 89 ቀናት የፈጀው ጥያቄ በዚህ ጊዜ አንድም ቀን አድማ ሳይመታ፣ ያውም በላቀ መጠን ተመልሷል፡፡

በቀጣዩ ዓመት ዋናዎቹ አየር መንገዶችም ተከተሉ፡፡ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2023 የዴልታ አብራሪዎች በአራት ዓመታት ውስጥ 34 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ የሚያስገኝ ስምምነት ሲያጸድቁ፣ በነሐሴና በመስከረም አሜሪካንና ዩናይትድ ተመሳሳይ ስምምነቶችን አጽድቀዋል፡፡ በእነዚህ ሁሉ ስምምነቶች ውስጥ ግን የ76 መቀመጫውና የ86 ሺህ ፓውንዱ ጣሪያ ሳይነካ አልፏል፡፡ የጣሪያው ጥንካሬ ከአሜሪካ አልፎ በአውሮፕላን አምራቾችም ላይ ተሰምቷል፡፡ ኤምብራየር አዲስ ሞተር የተገጠመለትን 175 ኢ2 የተባለ ጄት ቢሠራም ክብደቱ ከጣሪያው በላይ በመሆኑ ዋናው ገበያው ተዘግቶበት ፕሮጀክቱን አቁሞታል፡፡ የጃፓኑ ሚትሱቢሺም በዚሁ ገደብ ምክንያት ጭምር ሲፈተን የቆየውን የጄት ፕሮጀክቱን እ.ኤ.አ በየካቲት 2023 ሰርዞታል፡፡ በአብራሪዎች የኅብረት ስምምነት ውስጥ የሰፈረ አንድ አንቀጽ በናጎያና በብራዚል ፋብሪካዎች ዕጣ ላይ ይህን ያህል ተጽዕኖ ማሳደሩ በሌሎች ዘርፎች ብዙም የሚታይ አይደለም፡፡

የካናዳ ተሞክሮም ከዚህ ጋር አብሮ የሚታይ ነው፡፡ ኤር ካናዳ በራሱ ባለቤትነት ሥር የነበሩትን የኤር ኦንታሪዮ፣ የኤር ቢሲ፣ የኤር ኖቫና የመሳሰሉ ክልላዊ ኩባንያዎች አብራሪዎች ዝርዝር ከራሱ አብራሪዎች ጋር እንዲያዋህድ የሚጠይቅ ክርክር ተነስቶ፣ እ.ኤ.አ በ1995 አንድ የግልግል ዳኛ ዝርዝሮቹ እንዲዋሃዱ ወሰነ፡፡ ይህ በአሜሪካ ክልላዊ አብራሪዎች ሲመኙት የኖሩት ውሳኔ ነው፡፡ ነገር ግን የኤር ካናዳ አብራሪዎች ውሳኔውን ከመቀበል ይልቅ በዚያው ዓመት ከጋራ ማህበሩ ወጥተው የራሳቸውን ማህበር መሠረቱ፤ የተዋሃደው ዝርዝርም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፡፡ ክልላዊዎቹ ኩባንያዎች ከጊዜ በኋላ ተጠቃለው ጃዝ በሚል ስም ተጠሩ፤ ከኤር ካናዳ ባለቤትነትም ወጡ፡፡ አብራሪዎቻቸው ግን በትልቁ የአየር መንገድ አብራሪዎች ማህበር ውስጥ ቆዩ፡፡

እ.ኤ.አ በ2023 የኤር ካናዳ አብራሪዎች ብቻቸውን የቆሙበትን ማህበር አክስመው ወደዚሁ ትልቅ ማህበር ለመግባት ድምጽ ሰጡ፡፡ ውሳኔው የተላለፈው የአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ካገኙት የደመወዝ ጭማሪ ጋር ለመስተካከል የሚያስችል የድርድር አቅም ለመፍጠር እንደሆነ በወቅቱ ተነግሯል፡፡ በዚህም ከ28 ዓመታት በኋላ የኤር ካናዳና የጃዝ አብራሪዎች እንደገና በአንድ ማህበር ጥላ ሥር ተሰባስበዋል፡፡ የቀደምትነት ዝርዝራቸው ግን ዛሬም ሁለት ነው፡፡